ከቤት በስተኋላ ያለች መሬት፤ ስለ ጓሮ ተክል ታሪክ

የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ የሰጠውን ምክንያት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ንጉሡ ቦታውን የፈለገው ስፋቱን ለክቶ ወይም የወይኑን ፍሬ አይቶ አይደለም፤ ለቤቱ ቅርብ ስለ ሆነ አትክልት ሊተክልበት አስቦ ነው። ሠረገላና ሠራዊት የነበረው፣ ሰፊ እርሻ የሚታረስለት ንጉሥ፣ ከደጁ አጠገብ ቅጠላ ቅጠል የሚተክልባትን ቍራሽ መሬት ተከለከልሁ ብሎ በአልጋው ላይ ተኛ፤ ፊቱንም መልሶ እንጀራ አልበላም አለ። መምህራን ከዚህ ታሪክ ግፉንና የግፉን ፍርድ ያስተምሩበታል፤ የሚገባም ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንመረምረው ያችን አነስተኛ ነገር፣ ለቤት ቅርብ መሆንን ነው። ጓሮን ከእርሻ የሚለያት እርሷ ናትና።

ባላገር ስለ እርሻው ሲናገር በሬውን፣ ሞፈሩንና ቀንበሩን ያነሣል። ጓሮ ግን በሬ አይገባባትም፤ በዶማ ትቈፈራለች፣ በእጅ ትታረማለች፣ ከበረት በሚወጣ ፍግና ከምድጃ በሚጠረግ አመድ ትለማለች። እርሻ ከቤት ርቆ በወንድ ይታረሳል፤ ጓሮ ግን በአብዛኛው የሴት ናት፤ ባለቤቲቱ ወጥ ጥዳ ሳለ ወጥታ፣ ቀንጥሳ የምትመለስባት ስፍራ ናት። ከዚህም የተነሣ የታሪክ መጽሐፍ ሳይጽፋት ቀረ። ያገራችን ዜና መዋዕል የነገሥታቱን ዘመቻ፣ የጉልቱን ድንበርና የግብሩን ልክ ጽፎ አቈይቶልናል። የጎመን መደብ የሚቈጥር ሹም ግን እምብዛም አልነበረም፤ ሹም ያልቈጠረውን ነገር ደግሞ ጸሐፊ አይጽፈውም። ስለዚህ የጓሮን ታሪክ የሚሻ ሰው ከሌላ ስፍራ ሊለቅም ይገባዋል፤ ከተክሎቹ ስም፣ ከምሳሌያዊ ንግግር፣ ከመንገደኞች ጽሑፍ፣ ከባሕረ ሐሳብም ጭምር።

ፍለጋውን ከገዳም ብንጀምር መልካም ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈው፣ አባ እንጦንስ በበረሃ ተቀምጦ ሳለ እንጀራ የሚያመጡለትን ሰዎች ድካም አይቶ ጥቂት መሬት ቈፈረና ለራሱ የሚበቃውን እህል ዘራ፤ ቈይቶም የሚጐበኙት እንግዶች ስለ በዙ ለነርሱ የሚሆን ጥቂት አትክልት ተከለ። አራዊት ውሃ ሊጠጡ ሲመጡ ተክሉን ቢያበላሹበት እንደ ገሠጻቸው እዚያው ተጽፏል። እንግዲህ የመነኵሴ አትክልት ከምንኵስና ጋር እኩያ ነው። በኛም አገር ከ1520 እስከ 1526 በፈረንጅ አቈጣጠር ተቀምጦ የተመለሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በሰሜን በተመለከታቸው ገዳማት ዙሪያ ሎሚ፣ ብርቱካንና ወይን ተተክሎ እንዳየ ጽፏል። ነገሥታቱና መሳፍንቱም ያማረውን ስፍራ ገነት ብለው መሰየም ይወዱ ነበር፤ በላስታ ገነተ ማርያም፣ በአዘዞም ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ገነተ ኢየሱስ ለዚህ ምስክሮች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የዘጌ ነገር ያስደንቃል። በጣና ሐይቅ ዳር የሚገኘው ይህ ልሳነ ምድር በገዳማት የተመላ ሲሆን፣ ያገሩ ትውፊት እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም ከበትራቸው ሦስት ተክል በቀለላቸው፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ከዚያም ወዲህ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆነ፤ ሰዉም በነዚህ ተክሎች ይኖር ዘንድ ተወሰነ። ይህን ትውፊት የሚሰማ ሰው ተአምሩን ብቻ ሰምቶ እንዳያልፍ እለምነዋለሁ፤ በውስጡ የእርሻ ሕግ አለበትና። ቡናው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ መሬቱ ስለማይታረስ ዝናም አያጥበውም፤ በዙሪያው ያለው አገር ዛፉን ጨርሶ በተራቈተበት ዘመን ዘጌ ደን ሆኖ ቀረ። አንድ አገር በሙሉ እንደ ጓሮ ተጠብቆ የኖረበት ምሳሌ በሰሜን ቢፈለግ ከዚህ የበለጠ አይገኝም።

ወደ ባላገሩ ቤት እንመለስ። የጓሮ አለቃ ጎመን ነው። ይኸውም ዛሬ በገበያ ጥቅል ጎመን ከሚባለው ልዩ የሆነው የሐበሻ ጎመን ነው። ስለ ትውልዱ የተገኘው ምርመራ ለመጽሐፍ አንባቢ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ1935 በፈረንጅ አቈጣጠር ኡ ናጋሃሩ የተባለ በጃፓን የሚሠራ የዕፀዋት ሊቅ እንዳስረዳው፣ የሐበሻ ጎመን የሁለት ተክሎች ልጅ ነው፤ አንደኛው ወላጁ የጥቅል ጎመን ወገን ሲሆን፣ ሁለተኛው በወንጌል ምሳሌ የምናውቀው ጥቁሩ ሰናፍጭ ነው። ጎመናችን ሲቀመስ ጥቂት የሚያቃጥለው፣ ዘሩም ዘይት የሚወጣው ስለዚህ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሰው ሳያስብበት ተዳቅለው ይህን አዲስ ተክል ወለዱ፤ ያገራችን ሴቶችም አይተው መረጡት፣ አሳደጉት፣ ዘሩንም ከእናት ወደ ልጅ አስተላለፉት። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በፈረንጅ አቈጣጠር (በ1919 ዓ.ም.) ወደ አገራችን መጥቶ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ በበቅሎ እየዞረ ዘር ከሰበሰበ በኋላ፣ ኢትዮጵያን የሰው ምግብ የሆኑ ተክሎች ከተገኙባቸው ከዓለም ጥቂት ስፍራዎች እንደ አንዷ ቈጠራት። ይህ ሰው ለዓለም ሁሉ ዘር ሲሰበስብ ኖሮ በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኃብ ተጐድቶ መሞቱ፣ ከታሪክ አሳዛኝ ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን ስለ ወራቱ እንናገር። ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ይባላል። (የዛሬ ተማሪዎች ጸደይን በመስከረም ሲያደርጉት እንሰማለን፤ ይህ የአበባውን ወራት ከፈረንጆች ጸደይ ጋር ከማመሳሰል የመጣ ነው።) ዘመኑ በመስከረም ቢለወጥም የጓሮ ዓመት የሚጀምረው ግን በጸደይ፣ መሬቱን የሚያርሰው የመጀመሪያው ዝናም ሲወርድ ነው። በዚያን ጊዜ በበጋው የተጠራቀመው ፍግ በቅርጫት እየተጋዘ ይበተናል፤ አጥሩም ይጠገናል፤ አጥሩ ያልተጠገነ ጓሮ ለጎረቤት ፍየል የተዘራ ነውና። በሚያዝያና በግንቦት በቆሎው በየጕድጓዱ ይተከላል፤ ዱባና ቅል በፍጉ ክምር አጠገብ ወይም በአጥሩ ሥር ይወርዳሉ፤ ሐረጋቸው መወጣጫ ይሻልና። የጎመንና የበርበሬ ዘር ግን በትንሽ መደብ ላይ ተዘርቶ፣ በገለባ ተሸፍኖ፣ ችግኙ እስኪጠና ድረስ ይጠበቃል።

ክረምት ሲገባ የችግኙ ማዛወር ይደርሳል። ልምድ ያላት ሴት ጎመን የምትተክለው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወይም በደመና ቀን ነው፤ ሥሩ አፈር ሳይዝ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ። ነጭ ሽንኩርትም በዚህ ጊዜ ይተከላል፤ ነገር ግን ውሃ የሚተኛበት መሬት ስለሚያበሰብሰው መደቡ ከፍ ይላል፣ በጐንና በጐኑም ቦይ ይወጣለታል። ጌሾም፣ ሌላውም ዛፍ ሁሉ በዚሁ ወራት ነው የሚተከል። በርበሬው ከመደቡ ወጥቶ በየረድፉ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አረም ነው፤ ስለ አረም ብዙ ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል፤ የነቀለው ያውቀዋል።

የጓሮ ክብር የሚታወቀው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። አምና የገባው እህል ከጐተራው እየጐደለ ይሄዳል፤ ዘንድሮ የተዘራው ገና ሣር ነው። በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት የሚደፍነው ማነው? ጎመን ነው። ተተክሎ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው ከታች በኩል ቅጠሉ ይቀነጠባል፤ ተቀንጥቦም እንደ ገና ያቆጠቍጣል። መስከረም ሲጠባ ሕዝቡ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ማለቱ ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ይሰማዋል። እኔ ግን ይህን ንግግር እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ እቈጥረዋለሁ። አንድ ሕዝብ ክረምቱን በምን እንዳለፈው፣ ምን ሲያይ ጭንቁ እንደ ቀለለለት፣ በአንድ መስመር ተናግሮታል። ጎመኑ ላይ ግን ጥቂት ግፍ አለበት፤ ክረምቱን ሙሉ ቤቱን መግቦ በመጨረሻው እንደ ክፉ እንግዳ ውጣ ተባለ።

ጾሙም ከጓሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ምእመናን ሁሉ የሚጾሟቸው ቀኖች በዓመት 180 ያህል ይሆናሉ፤ መነኮሳትና ካህናት የሚጾሙት ከዚህም ይበልጣል። ሥጋና ወተት በማይበላበት በዚህ ሁሉ ቀን ቅጠልና ጥራጥሬ ገበታውን ይዘውት ኖሩ። ነገር ግን ጾሞቹ ሁሉ በጓሮ ዘንድ እኩል አይደሉም። ጾመ ፍልሰታ በነሐሴ ስለሚውል ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ለምልሞ ያገኘዋል፤ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ የበቆሎው እሸት ሁሉ ለጾመኛው ነው። ዐቢይ ጾም ግን በበጋው መጨረሻ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ጓሮው ደርቆ ሳለ ይመጣል። ባለቤቲቱ ያን ጊዜ የምትሠራው በቅጠል ሳይሆን በሽሮ፣ በተልባ፣ በሱፍ፣ በደረቅ በርበሬ ነው። ያገራችን የጾም ምግብ በሁለት መንገድ መከፈሉ፣ አንደኛው እርጥብ ሁለተኛው ደረቅ መሆኑ፣ ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም እላለሁ።

በመፀው ሽንኩርቱ ይነቀላል፤ በርበሬው በጥቅምትና በኅዳር እየቀላ ይለቀማል፣ በሰሌን ላይም ይሰጣል። ቅሉ በሐረጉ ላይ ደርቆ ሲንኳኳ ከተሰማ ይቈረጥና ውስጡ ተፍቆ የውሃ፣ የቅቤ ወይም የዘር ዕቃ ይሆናል። በጋው ከገባ በኋላ ግን ወንዝ ዳር ያልሆነ ጓሮ ያርፋል። ከደጃፉ አጠገብ ያሉት ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና አሪቲ ብቻ ዕቃ በታጠበበት ውሃ እየተረጩ ይቈያሉ። እነዚህ ለደጃፍ መቅረባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለቡናው፣ ለቅቤው፣ ሆዱን ለታመመው ልጅ በየሰዓቱ የሚፈለጉ ናቸውና። ከነርሱ ቀጥሎ ጎመኑ፣ ከጎመኑ ቀጥሎ በቆሎውና ድንቹ፣ በመጨረሻም አጥሩን ይዘው ጌሾውና እንዶዱ ይቆማሉ። ማንም በወረቀት ላይ ሥሎ አላስተማረውም፤ ነገር ግን ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ብንሄድ ይህ ሥርዓት በብዙ ቤት ይገኛል። ልብስ የሚታጠብበት እንዶድም ቢሆን ከአጥር ዳር ተነሥቶ ከዓለም ሊቃውንት ጉባኤ ደርሷል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጅ አቈጣጠር በዐድዋ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው መርምረው፣ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል አስታወቁ።

ከዚህ በላይ ከጠቀስናቸው ተክሎች እኩሌቶቹ ግን ያገራችን ተወላጆች አይደሉም። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ዱባና ድንች ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ኮሎምቦስ በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ከዚያ ምድር ውጭ ያወቃቸው ሰው አልነበረም። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣታቸውን በአንዳንዱ ስም ላይ ጽፎ አስቀርቶታል፤ በቆሎ የባሕር ማሽላ ተባለ፤ እሾሃሙ በለስ ቍልቋል ባሕር ተባለ፤ ኋላም ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ተባለ። በርበሬ ግን ይህን ምልክት ፈጽሞ ጥሎ ያገር ልጅ ሆነ። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ ወጥ የማይመስለው ሰው፣ ቅዱስ ላሊበላና ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በርበሬ ሳይቀምሱ መኖራቸውን ቢሰማ ይገረም ይሆናል። ያን ጊዜ ምላስን የሚያቃጥለው ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ሰናፍጭ፣ ከሩቅ አገርም በነጋዴ የሚመጣው ቁንዶ በርበሬ ነበረ። በርበሬ እንዲህ ፈጥኖ የተወደደበት ምክንያት ሩቅ አይደለም፤ ነጋዴ በውድ ዋጋ ያመጣ የነበረውን የማቃጠል ኃይል ማንኛይቱም ድኃ በጓሮዋ በነጻ ልታበቅለው ቻለች።

ድንች ግን እንደ በርበሬ አልተቀናውም። በተለምዶ እንደሚነገረው ወደ አገራችን ያገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ሰው በ1837 በፈረንጅ አቈጣጠር መጥቶ አብዛኛውን ዕድሜውን በትግራይ ፈጸመ፤ በ1878ም በዐድዋ ሞተ። ድንቹን ያስተከለው በ1858፣ ማለት በኛ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ነው ይባላል። በደቡብ በኩል ከዚህ አስቀድሞ የወላይታ ድንች የሚባል ሌላ ያገር ተክል ይበላ ነበር። አዲሱ ድንች ግን ብዙ ዘመን እንግዳ ሆኖ ቀረ፤ ሰው ሁሉ በእህል የሚኮራበት አገር ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣ ምግብ አላስደሰተውም። ሐሳቡን ያስለወጠው ረኃብ ነው።

በ1880 ዓ.ም. የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገባ። በጥቂት ዓመት ውስጥ አገሩን ዳር እስከ ዳር አዳርሶ ከብቱን አብዛኛውን ፈጀው፤ ዝናሙም ጠፋ፤ አንበጣውና ተምቹም ተጨመረ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ያን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ ጠራው። በታሪካችን የጓሮ ነገር ፊት ለፊት ወጥቶ የሚታየው በዚህ ዘመን ነው። እርሻችን የተመሠረተው በበሬ ነውና በሬው ሲሞት ሰፊው ማሳ ዝም ብሎ ጠፍ ሆነ። ዘሩ በእጁ ያለ ሰው እንኳ የሚያርስበት አጣ። ያን ጊዜ የቀረው መሣሪያ የጓሮው ዶማ ብቻ ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ምሳሌ መሆናቸው ተጽፎ ይገኛል። መኳንንቱ በእጅ መቈፈርን ውርደት አድርገው ያዩት ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ማድረጋቸው ከብዙ ዐዋጅ ይበልጥ እንደ ነበር አስባለሁ። ድንችም በብዙ ስፍራ የተስፋፋው በዚህ ረኃብ ምክንያት ነው ይላሉ የመረመሩት ሰዎች። ይህ የማይመስል አይደለም፤ ድንች በሬ አይሻም፣ ወፍጮ አይሻም፣ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፤ ወታደር መንደሩን ቢዘርፍ እንኳ ከመሬት ውስጥ ያለውን ቈፍሮ ለመውሰድ ጊዜ አያገኝም።

እዚህ ላይ የደቡብን ነገር ሳናነሣ ልናልፍ አንችልም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሌሎችም አገሮች ጓሮ የእርሻ ተቀጥላ መሆኗ ቀርቶ ራሷ ዋና እርሻ ናት። የቤቱ ሕይወት እንሰት ነው። እንሰት ከአንድ የተቀበረ አምቾ ብዙ ችግኝ ያወጣል፤ ችግኙም እያደገ በሄደ ቍጥር ቦታ እየለወጠ ይተከላል፤ ለመብል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ጓሮ የዘንድሮው፣ ያምናውና የካቻምናው ተክል ጎን ለጎን ይቆማል፤ ባለቤቱም የዛሬ አምስት ዓመት የሚበላውን ዛሬ ያየዋል። ፍጉ ከቤት ስለሚወጣ እንሰቱ ቤቱን ከቦ ይቆማል፤ ቡናውም በጥላው ያርፋል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ከ1770 እስከ 1771 በጐንደርና በአካባቢዋ በነበረ ጊዜ እንሰት በሰሜንም ሲተከልና ሲበላ አይቶ ሥዕሉን በ1790 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ አትሞታል። ዛሬ በሰሜን የእንሰት መብልነቱ ተረስቶ ኮባ ተብሎ ለቅጠሉ ብቻ ይቀመጣል፤ ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ቅጠል እርሱ ነው። እናቱን የረሳ ቤት ልብሷን ብቻ እንዳስቀመጠ ያለ ነገር ነው።

የጓሮ ዕድሜ ረጅም የመሆኑ ነገር በቅርቡ ዘመን መራራ ትምህርት ሰጥቷል። በደርግ መንግሥት ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው ከተበታተነ መኖሪያው ተነሥቶ በመንደር እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ በሐረርጌ ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ ክፍላተ ሀገር ተዳረሰ። መንደሩን የነደፉት ሰዎች ቤቶቹን በቀጥታ መስመር አሰለፉ፤ ለትምህርት ቤቱ፣ ለውሃው፣ ለጤና ጣቢያው አሰቡ። ቤት ግን ከቀድሞ ቦታው ሲነሣ ጓሮው አብሮት እንደማይነሣ ምን ያህል እንዳሰቡበት እጠራጠራለሁ። ጤፍ የሚዘራ ሰው በሚመጣው ዓመት በሌላ መሬት ይዘራል። የእንሰትና የቡና ባለቤት ግን አባቱ የተከለውን ትቶ ሲሄድ የስንት ዓመት ሥራ ጥሎ ሄደ? ከፊቱ ባለው ባዶ መሬት ላይ ቢተክልስ እስኪደርስ ምን ይብላ? በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ፖሊሲውን በለወጠ ጊዜ ብዙው ሰው ሳይውል ሳያድር መንደሩን ትቶ ወደ ቀድሞ ስፍራው መመለሱ፣ ልቡ ከየት እንደ ነበር አሳየ። ናቡቴም ለንጉሡ የመለሰው የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ብሎ ነው፤ የተሻለ የወይን ቦታ ልስጥህ እየተባለ እንኳ። በአንጻሩ ደግሞ የጌዴኦ ሕዝብ እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን በአንድነት የያዘበት አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ስለ ከተማ ጓሮ ብዙ የምንለው የለንም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የመኳንንቱ ግቢ ሰፊ ነበረና እያንዳንዱ ግቢ እንደ መንደር ሆኖ ጎመኑም ጌሾውም በውስጡ ይበቅል ነበር። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከገባ በኋላ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ ለጓሮ ግን ክፉ ጎረቤት ነው፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ከሥሩም እምብዛም አያበቅልም። ካሮት፣ ሰላጣ፣ ፎሶልያ፣ ቲማቲም ከኤውሮጳ ሰዎች ጋር ገብተው፣ ከጣልያን ወረራ በኋላም ይበልጥ ተለምደው፣ ስማቸውን እንኳ ሳይለውጡ ከኛ ጋር ቀሩ። አሁን ግን ግቢው እየተከፈለ፣ ቤቱ በቤት ላይ እየተሠራ ሲሄድ፣ የከተማው ሰው ጓሮ በሰገነት ላይ በባልዲና በአሮጌ ጎማ የሚበቅል ጤና አዳም ሆኗል። እርሱም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ከመሬቱ መጥበብ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዘሩ ነገር ነው። በ1976 በፈረንጅ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የዘር ማኖሪያ ተቋቁሞ፣ ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመት መርተውት፣ ያገሩ አዝርዕት እንዳይጠፋ ብዙ ተደክሟል። ገበሬው ዘሩን በገዛ ማሳው እያሻሻለ እንዲጠብቀውም አስተምረዋል። ነገር ግን ዛሬ በገበያ በቆርቆሮና በወረቀት ታሽጎ የሚሸጠው የአትክልት ዘር ብዙው የተዳቀለ ስለ ሆነ፣ ከርሱ የተለቀመው ፍሬ በሚመጣው ዓመት ወላጁን አይመስልም፤ ባለቤቱም በየዓመቱ ይገዛ ዘንድ ግድ ነው። የሐበሻ ጎመን ግን አብዛኛውን ከራሱ አበባ ስለሚራባ እናቱን መስሎ ይበቅላል። ሴቶቻችን ይህን ምክንያት በመጽሐፍ ሳያነብቡ ሥራውን ያውቁታል። ከመደቡ መካከል ቅጠሉ የሰፋውን፣ ቶሎ ያላበበውንና በሽታ ያልነካውን አንዱን ግንድ ይመርጡና ጨርቅ ያስሩበታል፤ ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን ማንም አይቀነጥበውም። በመፀው ቢጫ አበባውን ያወጣል፤ ፍሬው በቀጫጭን ቈባው ውስጥ ሲደርቅ፣ ሳይፈነዳ በጠዋት ጤዛ ታጭዶ በእጅ ይታሻል። ዘሩ በትንሽ ቅል ገብቶ አፉ በጨርቅ ይታሠርና ነቀዝ እንዳይደፍረው ጢስ ከሚያገኘው ስፍራ፣ ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል። ምራት ስትመጣ ወይም ጎረቤት ዘር ብትለምን ከዚያው ይወርድና በእፍኝ ይሰጣታል።